ኃይለ ጊዮርጊስ ማን ነው?

ጎንደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤ አዲ አርቃይ።

እንደምን ከርማችኋል? አንቺ፣ ባልሽ አድማሴ፣ አማትሽ እማማ ወለላ፣ ልጆቹ፣ ከብቱም ሳይቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኛ በቸርነቱ አለን። ይህን የምጽፍልሽ እኔው በገዛ እጄ ነው። አታምኝም አይደል? መሠረተ ትምህርት ገብቼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቂብኝ። የትኛው "ጸ" የት እንደሚገባ ገና አልለየሁም፤ ያስተማረችን ልጅም አልለየችም።

እኔና አንቺ የተያየነው አንድ ጊዜ፣ ያንቺ ሰርግ ዕለት ነው። ያን ቀን ባሌ አንዳርጋቸው በጭነት ማኪናው ሚዜዎቹን ሁሉ ጭኖ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሲዘፍን ታስታውሻለሽ? ያ ሁሉ ድምፅ ዛሬ የለም። መቼም ወሬው ደርሷችኋል፤ በሰባ ዓ.ም. ክረምት ከሥራ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ወደቀ። ተነሣ፣ እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል፤ አፉ ግን እንደተዘጋ ቀረ። እኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስለምሠራ ሐኪሞቹ ያውቁኛል። "ሐሳቡ ደህና ነው፤ ቃሉ ነው የማይመጣለት" አሉኝ። ቀኝ እጁም ሰንፏል፤ ድሮም ከፊርማው በቀር መጻፍ አያውቅም።

አምስት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩበት ጠበል የለም። ቀሐ ኢየሱስ ደግሞ በየቅዳሴው በክርስትና ስሙ እንዲታሰብ አድርጌያለሁ። ባለፈው እሑድ ግን፣ ባንቺአየሁ፣ ቆሜ ሳለሁ የምለው ጠፋኝ። "ጌታ ሆይ" አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ እኔም እንደ ባሌ ሆንኩ። ደነገጥኩ። ለንስሐ አባታችን ለቄስ አለነ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ኃይለ ጊዮርጊስ እያልኩ ነው የማስበው። ይህን ስም ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ያሳደገችው አክስቱ፣ እማማ ወለላ።"

"ከአፏ ሰማሽ?"

"ኧረ አዲ አርቃይ የሚመላለሰው በላቸው ነው ጠይቆ የመጣልኝ፤ ሹፌሩ።"

"ሹፌር!" አሉና መቋሚያቸውን ተደገፉ። ቆይተው ደግሞ "ሃያ ዓመት አብረሽው ስትኖሪ አንድ ቀን አልጠየቅሽውም?"

"አባ፣ ማን ባሏን በክርስትና ስሙ ትጠራለች? እኛ ስሙን የምንፈልገው ወይ ለቁርባን ወይ ለፍትሐት ነው። ለሁለቱም አልደረስንም።"

ስለዚህ እህቴ፣ እማማ ወለላን ጠይቂልኝ። ክርስትና ሲነሣ በእቅፋቸው ይዘውት የነበሩ እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ያው በላቸው ነው፤ መልሱን ግን በአፍ እንዳትነግሪው። ጻፊው።

እህትሽ ይርገዱ


አዲ አርቃይ፣ ኅዳር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ይርገዱ፤

ሰላምታዬ ከሊማሊሞ ገደል ከፍ ብሎ ይድረስሽ። አያ አንዳርጋቸውስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችን ሸጋ ነን። ጽሕፈትሽ እንዴት ያማረ ነው! እኔ አራተኛ ክፍል የደረስኩት እንዲህ አልጽፍም።

እትዬ፣ ወንበር ካለሽ ተቀመጪ። ደብዳቤሽን ለእማማ ሳነብላቸው እጃቸውን ባፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምነው እማማ?" አልኳቸው።

"ኃይለ ጊዮርጊስማ የኔው አድማሴ ነው!" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው። በላቸው ያን ጊዜ ማኪናውን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት ብቅ ብሎ "እማማ፣ የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?" ይላቸዋል። እሳቸው ሁለቱንም ያጠቡ፣ ሁለቱንም ልጄ የሚሉ ናቸው። የትኛውን እንደሆነ ማን ይንገራቸው? የወለዱት ቀደመባቸው። የአያ አንዳርጋቸው ስም ወልደ ሰንበት ነው። ሁለት ጊዜ አስምያቸው ነው የጻፍኩልሽ፤ ወልደ ሰንበት።

አሁን ደግሞ ልናዘዝልሽ። ባለፉት አምስት ዓመታት አድማሴ የደረሰበትን ታውቂያለሽ? ከበቅሎ ጋር ገደል ገባ፤ በቅሎዋ ሞተች፣ እሱ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ወባ በገባ ጊዜ ከግራም ከቀኝም ጎረቤት ሲወስድ እሱ አንድ ቀን ላበው፣ በማግስቱ "ጠላ የለም ወይ" አለኝ። ላማችን መንታ ወለደች። ለዘመቻ ሰው ሊመለምሉ ሁለት ጊዜ መጡ፤ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ለቅሶ ሄዶ አጡት። እኔ "ለጊዮርጊስ የተሳልኩት ስለት ሰምሮልኝ ነው" ብዬ ጃንጥላ አግብቻለሁ። ለካ ያንቺን ጸሎት ነው ስንበላ የኖርነው! ሲነግሩት ያ ሰውዬ አላፈረም እኮ፤ "እትዬን አመስግኝልኝ፣ በዚያው እንድትቀጥል" ነው ያለኝ።

ይቅር በይን እንጂ እኛስ ምን እናውቃለን። ጥቂት ማር ልኬልሻለሁ።

ባንቺአየሁ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሳቂታዋ እህቴ ለባንቺአየሁ፤

ማሩ ደርሶኛል፤ በላቸው ከላዩ ቀምሷል መሰለኝ እንጂ ደርሶኛል። እናንተ ግን እንዲህ ልታስቁኝ ነው ወይ ያላችሁት? ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳነበው የሳሙናውን ባልዲ ደፋሁ።

ማታ እገባለሁ፣ አንዳርጋቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ላምባ ምድጃ በግራ እጁ ይጠግናል። (የሰፈሩን ምድጃ ሁሉ የሚያድነው እሱ ነው።) ፊቱ ቆምኩና "ወልደ ሰንበት!" አልኩት።

ምድጃው ከእጁ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያማ ሳቅ ጀመረ፤ የሳቅ ድምፅ አልተወሰደበትም። እንባው በጢሙ ላይ እስኪወርድ ሳቀ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም እንዳታወሪ። እኔ ማታ ማታ ከራት በፊት ጮክ ብዬ "ባሪያህን ኃይለ ጊዮርጊስን አስብልኝ" እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር እሱ በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን ይመታል። አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ! እኔ "አሜን" ማለቱ እየመሰለኝ፣ "ይህን የመሰለ እምነት ይዞ እንዴት አይሰማውም" እያልኩ አለቅስ ነበር።

"አንተ! አምስት ዓመት ሙሉ 'አይደለም' ነበር የምትለኝ?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና እንደገና ሳቀ። እኔም አብሬው ተቀምጬ ሳቅሁ። እኛ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ስንት ጊዜው ነው።

በማግስቱ ቄስ አለነ ዘንድ ሮጥኩ። የስም ደብተራቸው ላይ ኃይለ ጊዮርጊስን ሰርዘው ወልደ ሰንበት ብለው ጻፉ። ለአድማሴ ንገሪው፤ ማዕዱ ተነሥቷል፣ ከእንግዲህ በራሱ ይለምን። እኔም እንግዲህ ጥምቀትን ነው የምጠብቀው። ቤታችን ለቀሐ ቅርብ ነው፤ ውኃው ሲረጭ ከፊት አቆመዋለሁ። አሁን ስሙ ተስተካክሏል። ባንቺአየሁ፣ ልቤ እንደ ልጃገረድ ልብ ይዘላል።

ይርገዱ


አዲ አርቃይ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርገዱ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ሳልጽፍልሽ ቆየሁ፤ እንዲያው ሥራ ነው፣ ምንም አይደለም። እኛ አለን። እማማ ጥቂት ደክመዋል። አድማሴ ራቅ ያለ ሥራ ላይ ስለሆነ እቤት አይውልም።

ትናንት የጊዮርጊስ ንግሥ ነበር፤ ሄደን ተመለስን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የአድማሴ ስም እናንተ ዘንድ ጨርሶ ቀርቷል ወይስ አልፎ አልፎ ይጠሩታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ለአያ አንዳርጋቸው ሰላምታ አቅርቢልኝ። በጥምቀት ምን ሆኑ? አልጻፍሽልኝም።

ባንቺአየሁ


ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንቺአየሁ፤ ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ደብዳቤሽ አጠረብኝ። ሁለት ጊዜ ገልብጬ ከጀርባው ፈለግሁ። እንዲያው ግድ የለም፣ እኔ ስለሁለታችን እጽፋለሁ።

በጥምቀት ምን ሆኑ አልሽኝ። ምንም አልሆነም። ነጭ አለበስኩት፣ ሰው እየገፋሁ ከፊት አቆምኩት፤ ውኃው በፊቱ ላይ ወረደ። እኔ ውኃውን ትቼ ከንፈሩን አያለሁ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ለካ ብርዱ ነው የሚያንቀጠቅጠው።

ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ሁዳዴ አለቀ፣ ፋሲካ ሆነ። ልንገርሽ አይደል፤ ስሙ የተሳሳተ በነበረ ጊዜ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ "ልመናዬ ሌላ ቤት እየገባብኝ ነው" እል ነበር። አሁን በስሙ፣ በደጁ ደርሷል። ደርሶ ነው ዝም የተባልኩት። በምን ላሳብብ?

ከዳግም ትንሣኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የቀበሌው ስብሰባ እሑድ ጠዋት ስለሆነ እዚያ እሄዳለሁ። ሊቀመንበሩ "ጓድ ይርገዱ፣ ንቃትሽ ጨምሯል" አለኝ። አንቺ ብትሆኚ በሳቅ ትሞቺ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ማታ ማታም ጸሎት ትቻለሁ። አንዳርጋቸው ራት ሲቀርብ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል፤ እኔ ወጡን እጨልፋለሁ።

ስለ አድማሴ ስም የጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ተሰርዟል። ፊቴ ነው በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የሰረዙት። ምነው ጠየቅሽኝ? ነው ወይስ ላሚቱ ዘንድሮ አንድ ብቻ ወለደች?

ይርገዱ


አዲ አርቃይ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ይርገዱ፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

አድማሴ ሥራ ላይ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ሲያልቅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ያን ቀን ገበያም ለቅሶም አልነበረም፤ እቤቱ ተቀምጦ አገኙት። "ለአገር ጉዳይ ነው" አሉ፣ ይዘውት ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ያለበትን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ወረቀትም፣ ቃልም የለም። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት።

አንቺን አልወቅስም፤ የሰው ባል ስም ነው፣ መሰረዝሽ ያግባብሻል። ግን ሌሊት ተኝቼ እቆጥራለሁ። ስሙ ሲጠራ አምስት ዓመት አልተነካም። በተሰረዘ በሁለት ወሩ ወሰዱት። ቁጥሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት አፍሬ ነው። "አምስት ዓመት የበላችው አንሷት" እንዳትይኝ። አሁን እፍረቱ ጠፍቶልኛል። እትዬ፣ እባክሽን፣ ከአያ አንዳርጋቸው ስም ሥር፣ በትንሹም ቢሆን፣ ኃይለ ጊዮርጊስን መልሰሽ አስጽፊልኝ። ከእሳቸው አይቀነስባቸው፤ ከኋላ ቢጠራም ይበቃዋል።

ባንቺአየሁ


ጎንደር፣ ሐምሌ 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

ባንቺአየሁ፣ እህቴ፣

በላቸው ደብዳቤሽን የሰጠኝ ትናንት ነው፤ ዛሬ ይመለሳል፣ በእሱው እሰድልሻለሁ። ሰላምታውን በልብሽ ሙይው።

ስለ ላሚቱ የጻፍኩትን ሳስታውሰው ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንቺ ልብሽ ተቃጥሎ እኔ ስቀልድ!

ደብዳቤውን ለአንዳርጋቸው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ከኋላ ቢጠራም ይበቃዋል" የሚለው ጋ ስደርስ ተነሣ። ጋቢውን ለበሰ፣ ከዘራውን ያዘ፣ በዚያ ዝናብ ወጣ። "ወዴት ነው?" ብለው ማን ይመልስልኝ! ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ ተከተልኩት። እያነከሰ ቄስ አለነ ቤት ወሰደኝ። በሩን በከዘራው ደበደበ፤ ሲከፍቱ እኔን ወደፊት ገፋኝ። ተናገሪ ማለቱ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸውን ያላየሁ ሴት፣ በጭቃ እግሬ ገባሁ።

"አባ፣ ስሙ ሲጠራ የተጠበቀ፣ ሲሰረዝ የጠፋ ሰው አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ተይ አንቺ ሴት!" አሉኝ። "እግዚአብሔርን የቀበሌ ሱቅ አደረግሽው? ስሙ መዝገብ ላይ የለም ብሎ ስኳር የሚከለክል?"

(ይህን ስታነቢ ይህችን ቦታ ቅደጂልኝ።)

"ታዲያ ለአድማሴ ሰምቶ ለእኔ ባል ለምን አልሰማም? እቤቴ በክርስትና ስሙ ብቻ አልነበረም የምለምነው፤ 'አንዳርጋቸውን፣ ያን ሹፌሩን' እያልኩ ምልክቱን ሁሉ ተናግሬ ነበር። የትኛው አንዳርጋቸው እንደሆነ ጠፍቶት ነው?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። አንዳርጋቸውም ቆሞ ይጠብቃል።

"አላውቅም" አሉኝ።

"እንዴት አያውቁም? ቄስ አይደሉም?"

"አርባ ዓመት ቀድሻለሁ፤ አላውቅም። የበኩር ልጄ ሲታመም እኔም ለምኜ ነበር፤ በስሙ፣ በትክክለኛው ስሙ። ቀበርኩት። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ቀደስኩ። ለምን ብዬ ዛሬም እጠይቀዋለሁ። እየጠየቅሁት እቀድሳለሁ።"

ባንቺአየሁ፣ "አውቃለሁ" ቢሉኝ ኖሮ ተናድጄ እመለስ ነበር። "ኃጢአትሽ ነው"፣ "ፈተና ነው"፣ "ጊዜው አልደረሰም"፣ ይህን ሁሉ ከሰው ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። እሳቸው ግን እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ቆመውበታል። ለካ እዚያ ላይ ቆሞ መቀደስም ይቻላል።

ደብተሩን አወጡ። "ከሥር ወይስ ከጎን?" ሲሉኝ አንዳርጋቸው ጣቱን አስቀድሞ ከራሱ ስም በላይ፣ ባዶው መስመር ላይ አሳረፈ። እንግዲህ የባልሽ ስም የሚጠራው ከፊት ነው፤ ባለቤቱ ፈቅዶ። ትናንት ማታም ከራት በፊት ሁለቱንም ስም ጠራሁ። ጠረጴዛው አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ፤ ቀስ ብሎ።

እማማን ከግድግዳው አዙሪልኝ። ወሬ ብታገኚም ባታገኚም ጻፊልኝ፤ እንደ ሚያዝያው እንዳትሸሽጊኝ።

ይርገዱ


አዲ አርቃይ፣ ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ይርገዱ! እትዬ ይርገዱ!

አለ! አድማሴ አለ! ሰላምታውን ኋላ ተቀበይኝ።

ሩቅ አገር ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ፣ አጠገቡ የተኛ ሰው የጻፈለት ደብዳቤ ደረሰኝ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቆርጧል፤ "ከእንግዲህ ለውትድርና አትሆንም" ብለው አሰናብተውታል። እማማ ሲሰሙ "ሁለት ጣት ምን ያደርግለታል!" ብለው እልል አሉ። ዘንድሮ ክፉ ዓመት ነው፣ እህሉም የለ፤ እልልታውን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ተቀበለን።

አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የተሳፈሩበት ማኪና መንገድ ላይ አደጋ የደረሰበት ግንቦት 27 ቀን ነው ይላል። እሱ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ፣ ከሌላው ሰው ራቅ ብሎ ነበር። ለዚያ ነው በጣት ያለፈው።

ግንቦት 27! እኔ መቼም ቁጥር ለምዶብኛል፤ ቆጠርኩ። አንቺ ስሙን መልሰሽ ያስጻፍሽው ሐምሌ ነው። ያን ቀን እናንተ ዘንድ ስሙ ተሰርዞ ነበር። እኛስ ዘንድ? አሁን እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ጊዜ ደብቄሻለሁ። ከጊዮርጊስ ንግሥ ስመለስ አኩርፌ ነበር፤ "ጃንጥላዬን መልስልኝ" ብዬው ነው የወጣሁት። ግንቦትን ሙሉ ለማንም አልጸለይኩም። እማማም ግድግዳ ነው የሚያዩት። በላቸው እንኳ አያውቅም።

ማን ነው ታዲያ ያን ቀን ስሙን የጠራው፣ እትዬ?

በናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። እባክሽ አብይልኝና ላኪልኝ።

ባንቺአየሁ


ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለደስተኛዋ እህቴ ለባንቺአየሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለን።

ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው ባልሽ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ የምጽፈውን ሐሜት ለብቻሽ አንብቢው።

ስድስት ቀን ከረመ። ቀጥኗል፤ ወሬው ግን አልቀጠነም። ጠዋት ይጀምራል፣ ሥራ ውዬ ስመለስ እዚያው ወሬ ላይ አገኘዋለሁ። አንዳርጋቸው ምድጃውን ይፈታል፣ እሱ ያወራል። የጎደለ እጅ ሁለት፣ ደህና እጅ ሁለት፤ አንዱ ሲይዝ አንዱ ያጠብቃል።

"አያ አንዳርጋቸው አልተለወጠም እኮ እትዬ፤ ድሮም አፌን አስከፍቶ እሱ ዝም ነበር የሚለው" ይለኛል። ባሌ በመፍቻው ጉልበቱን መታው።

እኔንም አልማረኝም። "የጎደሉት ሁለቱ ጣቶች ባንቺ በኩል ይታሰባሉ፤ ስሜን ባትሰርዥ ኖሮ አሥር ነበሩ" አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩት። ፊቴን ሲያይ ደነገጠና "ኧረ ስቀልድ ነው! እትዬ፣ እኔ እንደሆንኩ ቁጥር የለኝም። የዳንኩት ስለጠማኝ ነው። ያጠማኝ ማን እንደሆነ አንቺው ከቄሱ ጋር ተነጋገሪ" አለ።

ተነጋገርን። "ግንቦት 27 ማንም አልጠራውም" አልኳቸው ለቄስ አለነ። እሳቸው ብዙ አልተናገሩም፤ "እንግዲያ እኛ ዝም ስንልም ሥራ አይፈታም ማለት ነዋ" ብለው ብቻ ሄዱ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። እስከ ዛሬ የእሱን ዝምታ ነበር የምቆጥረው፤ የእኔን ዝምታ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

አንዳርጋቸው አልተናገረም። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው፤ ተአምር ጠብቀሽ እንዳታነቢ። ይናገር ይሆናል፣ ላይናገርም ይችላል። እለምናለሁ። አንዳንድ ቀን አሁንም እቆጣዋለሁ፤ ጌታዬን ማለቴ ነው። ግን ቆሜ ነው የምቆጣው፣ እዚያው ደጁ ላይ። ስብሰባውን ለእሑድ ከሰዓት እንዲያዛውሩት ለሊቀመንበሩ አመልክቻለሁ፤ "እናያለን" ብሏል። ንቃቴ የቀነሰ መስሎታል።

እሑድ ሦስታችንም ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አለነ ደብተራቸውን ለአድማሴ አሳዩት፤ ስሙ ተሰርዞ፣ ተመልሶ፣ ከፊት ተጽፎ አይቶ ዝም አለ። አድማሴ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያይ ቆየና "የእትዬ ስምስ የታለ?" አለ።

የለም። ቄስ አለነም መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ። የለም! ስድስት ዓመት ስመላለስ የራሴን ስም ለማንም አልሰጠሁም። ትዝም አላለኝ።

"ኋላ እሰጥዎታለሁ አባ፤ የእኔ አይቸኩልም" ብዬ ፈቀቅ ልል ስል አንዳርጋቸው በደህናው እጁ ጀርባዬን ገፋኝ። እንቢ አልኩ። እንደገና ገፋኝ።

"ማን ልበል?" አሉኝ ቄስ አለነ እስክሪብቶውን ይዘው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ በአፌ ያልወጣ ስም ነው። ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ፤ ለአንድ አፍታ የባሌን ነገር አወቅሁት። ከዚያ ወጣ።

"ወለተ ሩፋኤል።"

"ምን ይለመንልሽ?"

አሰብኩ፣ አሰብኩ። "ምንም፤ ስሟ ብቻ ይጠራ" አልኳቸው።

አንቺም እዚያ ጊዮርጊስ አስጠሪልኝ፤ ወለተ ሩፋኤል ብለሽ። ራስሽ ሂጂ እንጂ አድማሴን እንዳትልኪው። መንገድ ላይ ወሬ ይዞት፣ ደርሶ የራሱን ስም ይነግራቸዋል።

ይርገዱ